ኤፍራጥስ ደረቀ ብላ ጣሪያዋን ተወችው

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ስገባ ሳሎኑ መሀል ሳፋ ተቀምጧል። ቆርቆሮው ያፈሳል። «ለምን አላሠራሽውም?» ስላት ስልኳን አቀበለችኝ። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰባኪ ይጮኻል። የኤፍራጥስ ወንዝ ደርቋል፣ ይደርቃል ያለው ራእይ 16 ተፈጽሟል፣ ጊዜው አልቋል ይላል። «ታዲያ ልጄ፣ ከእንግዲህ ቆርቆሮ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

እኔም አማኝ ነኝ። ጌታ እንደሚመጣ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ስብከት ግን ያንገበግበኛል።

የኤፍራጥስ ውኃ በጣም መቀነሱ እውነት ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ከላይ ቱርክና ሶርያ ውስጥ የተሠሩት ግድቦች አሉ፣ ድርቁም ተደጋግሟል። ሰውዬው ይህን አይነግራትም። በ2012 አንበጣውና ኮሮናው ሲገጣጠሙም «ይኸው ተፈጸመ» ተብለን ነበር። ቀጥሎ ክትባቱ 666 ነው ተባለ። በዚህ ፈርተው ሳይከተቡ የቀሩ አዛውንቶች አውቃለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዊልያም ሚለር ተከታዮች ከዳንኤል መጽሐፍ ተነሥተው ለጌታ መምጫ ቀን ቆረጡ፤ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ.። ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ሲያለቅሱ አደሩ።

ጌታ ራሱ ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ ሲናገር «አትደንግጡ» ብሏል፤ መጨረሻው ገና ነው ብሏል (ማቴ. 24፥6)። የኛ ሰዎች ጦርነቱን ይዘው «አትደንግጡ»ን ጣሉት። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ሰባኪው አንዴም «አትደንግጪ» አላላትም።

ትንቢት ሲሰማ ምን እንደሚደረግ የሐዋርያት ሥራ 11 ላይ ተጽፏል። አጋቦስ የሚባል ነቢይ በዓለም ሁሉ ታላቅ ረሃብ እንደሚሆን ተናገረ። ረሃቡም በሮማው ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን መጣ። የአንጾኪያ ክርስቲያኖች ታዲያ ቁጭ ብለው ቀን አልቆጠሩም። ስለ ጨረቃ ቀለምም አልተከራከሩም። ገንዘብ አዋጡና በበርናባስና በሳውል እጅ ይሁዳ ላሉት ወንድሞቻቸው ላኩ።

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ስንት ስንት አዋጡ?»

«እንደየአቅማቸው ነው የሚለው።»

ሳፋው ሞልቶ ነበር። ተነሥታ ደጅ ደፋችው። ስትመለስ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ፈልግልኝ አለችኝ። የጎረቤቷም ጣሪያ ያፈሳል፤ በዚያው እሱንም አብሮ ይየው አለች።