ጣፋጭ ወይን ስትጠጡ ለሚስቅባችሁ ሰው ስለ ሻቶ ዲኬም ንገሩት

ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ አስተናጋጁን "ጣፋጩ የለም?" ብላ ስትጠይቀው አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ሳቀባት። ሰውዬው ወይን "የሚያውቅ" ዓይነት ነው፣ ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል ምናምን። "ጣፋጭ የጀማሪ ነው፣ ድራዩን ልመጂ እንጂ" አላት። እሷም አፍራ ስኳር የሌለውን ድራዩን ተቀበለች፣ ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ ብርጭቆዋ እንደተሞላ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሰርግ ላይ ክርክር አይነሳምና ያኔ ዝም አልኩ፣ ግን ነገሩ ሲያንገበግበኝ ስለከረመ ይኸው ልጽፈው ነው። ሰውዬው አንገቱን ቀና ያደረገበት የወይን ዓለም ዋና ከተማ ማን ነው ቢባል የፈረንሳዩ ቦርዶ ነው አይደል? በ1855 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ወይኖች በደረጃ ይቀመጡልኝ ብሎ ሲያዝ፣ ደላሎቹ ገበያ ላይ የሚያወጡትን ዋጋ እያዩ ቀዩን ለብቻ ነጩን ለብቻ ደረደሩት። ከቀዮቹ እነ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን "አንደኛ" ተባሉ። ከነጮቹ ግን አንድ ቤት "አንደኛ" መባሉም አነሰበትና "የበላይ አንደኛ" የሚል ስም ለብቻው ወጣለት፣ ከቀዮቹም ቢሆን ይህን ስም ያገኘ የለም። ያ ቤት ሻቶ ዲኬም ነው። የሚሠራው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ጣፋጭ ወይን። እነዚያ ሁሉ ጣፋጭ ጠጪዎች ጀማሪዎች ነበሩ ማለት ነው።

እርግጥ ሰውዬው አንድ ነገር ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ ጉድለቱን በስኳር የሚሸፍን ወይን ሞልቷል፣ በማግስቱ ራስ የሚበጠብጥ። ግን ስኳሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅና ስኳር ስላለው ብቻ መናቅ ለየቅል ነው። የዲኬም ስኳር ከጆንያ አልመጣም። የመጣው ከሻጋታ ነው።

አዎ፣ ሻጋታ። ቦታው ከቦርዶ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሶተርን የሚባል ቀበሌ ነው፣ ቤቱ ራሱ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ሲሮን የምትባል ትንሽዬ ቀዝቃዛ ወንዝ አለች፣ ከጫካ ወጥታ ሞቅ ካለው ከትልቁ ጋሮን ጋር ስትቀላቀል በመኸር ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳል። ጉሙ የወይኑን ማሳ ያረጥበዋል፣ ቦትሪቲስ የሚባለው ሻጋታም በዚህ ይነቃል። ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ ያደርቀዋል። ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ ይበሳሳዋል፣ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ይተናል፣ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ውስጥ ተጨምቆ ይቀራል። ፍሬው መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል ከዚያ ይጨማደድና አቧራ የተነፋበት ዘቢብ ይመስላል፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ይሄማ ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚጥለው። ዝናቡ ቢበዛ ደግሞ እውነትም ይበላሻል፣ ያው ሻጋታ ነው ደጉም ክፉውም፣ ልዩነቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መውጣቱና አለመውጣቱ ነው። ፈረንሳዮቹ ደጉን "የተከበረው ብስባሴ" ይሉታል፣ ስም ማውጣት እኮ ያውቁበታል!

ይሄ ነገር እንዴት ተገኘ ሲባል የሚወራ ተረት አለ። ከሉር ሳሉስ ቤተሰብ የሆነው ባለቤት በ1847 ሩሲያ ሄዶ "እኔ ሳልመጣ እንዳትለቅሙ" ብሎ ነበር አሉ፣ ዘግይቶ ሲመለስ ሁሉም ሻግቶ ጠበቀው፣ ከመጣል ይሻላል ብለው ጠመቁት፣ ተዓምር ሆነ። እኔ አላመንኩትም። ጀርመኖቹም ዮሐኒስበርግ ላይ በ1775 መልእክተኛው ዘግይቶ ነው ይላሉ። የትም ብትሄዱ ጣፋጭ ወይን ያለበት አገር አንድ የዘገየ ሰው አይጠፋም። እኔ የሚመስለኝ ገበሬዎቹ ቀስ በቀስ ያወቁት ነገር ነው፣ ግን ገበሬ ቀስ በቀስ አወቀ ቢባል ለወሬ አይመችም።

ለቀማውን ስሙልኝ። ሻጋታው ማሳውን በአንድ ቀን እኩል አይዘውም፣ አንዱ ዘለላ ላይ እንኳ ግማሹ ደርሶ ግማሹ ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቃሚዎቹ መቀስ ይዘው የደረሰችዋን ፍሬ ብቻ እየመረጡ ይወስዳሉ፣ ሌላውን ትተውት ይሄዳሉ፣ ከቀናት በኋላ እንደገና ይመለሳሉ፣ እንደገና፣ አንዳንድ ዓመት አምስት ስድስት ጊዜ አንዱን ተክል ይዞሩታል። ቡና ቀይ ቀዩን እየለየ የለቀመ ሰው ይሄን ሳይነገረው ይገባዋል። ጨርሰው ሲወጡ ኅዳር ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ምን ያህል ይገኛል ካላችሁ፣ ከአንድ ተክል አንድ ብርጭቆ። የቦርዶ ቀይ ወይን ቤት ከአንድ ተክል ጠርሙስ ሲያወጣ እነሱ አንድ ብርጭቆ። ተክል የያዘው መሬታቸው 100 ሄክታር ያህል ነው፣ አብዛኛው ሴሚዮን የሚባለው ዝርያ ነው ቀሪው ሶቪኞ ብላን፣ ከዚያ ሁሉ መሬት ደህና በሆነ ዓመት እንኳ ወደ 100 ሺህ ጠርሙስ ቢወጣ ነው። መሬቱ ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ ለዚያ ብለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሥሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሸክላ ቱቦ ቀብረውበታል። ኮረብታ ሥር መቶ ኪሎ ሜትር!

የቀረውን ጠጅ የጣለ ቤት ያደገ ሰው ይረዳዋል። ማሩ ከውሃው በዝቶ ከሆነ እርሾው የተወሰነ ይበላና አልኮሉ ሲበረታበት ይደክመዋል፣ ያልተበላው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። እዚህም እንደዚያው ነው። ጭማቂው ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ቢቀየር ወደ 20 ዲግሪ ይደርስ ነበር፣ እርሾው ግን 13 ወይም 14 አካባቢ ሲደርስ ያቆማል። የሚፈላውም የሚተኛውም አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው፣ ድሮ ሦስት ዓመት ተኩል ነበር አሁን አሳጥረውታል። ሲወጣ የአፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭና የማር ጠረን አለው። ስኳሩ ብዙ ነው ግን ኮምጣጣነቱም አብሮ ስለተጨመቀ አፍ ላይ አይለጠፍም። ይሄ ነው ልዩነቱ በቃ።

ታሪኩን ሳነብ ልቤን የወሰደችው ደግሞ ሴትዮዋ ናት። ሶቫዥ የሚባል ቤተሰብ በ1593 ቦታውን በገባር ይዞ፣ በ1711 ሙሉ ባለቤት ሆነ። ልጃቸው ጆሴፊን በ1785 ሉዊ አሜዴ ደ ሉር ሳሉስ የሚባል መኮንን አገባች፣ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ የክርስትና ልጅ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። እሷ ገና 20 ዓመቷ ነው፣ ልጆች አሏት፣ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። መኳንንት መሆን አንገት በሚያስቆርጥበት ዘመን ሁለት ጊዜ ታስራ ሁለቴም ወጣች፣ ርስቷንም አላስነጠቀችም። በ1826 ወይን መጥመቂያና ማስቀመጫ ቤት እዚያው ግቢ አሠራች፣ ያን ጊዜ ይሄ ድፍረት ነው። እስከ 1851 ድረስ ኖራለች። ጠርሙሱ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው ስም የባሏ ቤተሰብ የሉር ሳሉስ ነበር፣ ቤቱን ያቆመችው ግን እሷ ናት ብዬ ብናገር የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ደንበኞቹን ደግሞ እዩ። ቶማስ ጀፈርሰን የአሜሪካ አምባሳደር ሆኖ ፓሪስ ሳለ በ1787 የ1784ቱን 250 ጠርሙስ አዘዘ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ደግሞ በ1790 ለጆርጅ ዋሽንግተን 30 ደርዘን ለራሱ 10 ደርዘን። በ1859 የሩሲያው ዛር ወንድም ግራንድ ዱክ ኮንስታንቲን የ1847ቱን አንድ ቶኖ፣ ማለትም 900 ሊትር፣ በ20 ሺህ የወርቅ ፍራንክ ገዛ። የጀፈርሰን ነገር በኋላ ጣጣ አምጥቷል፣ በ1980ዎቹ አንድ ጀርመናዊ ሰብሳቢ የስሙ ፊደላት የተቀረጹባቸው ናቸው ብሎ ጠርሙሶች አወጣ፣ ባለሀብቶች በማይታመን ዋጋ ተሻሙባቸው፣ ቆይቶ ግን አንዱ ገዢ ሲያስመረምር ቅርጹ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሠራ ነው ተባለና ፍርድ ቤት ተኬደ። የሚያሽቱትና ዓይናቸውን የሚጨፍኑት እነማን እንደነበሩ አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ። እኔ ይሄን ቤት የማከብረው ለዛርና ለፕሬዚዳንት ስለሸጠ አይደለም፣ ባልሸጠባቸው ዓመታት ነው። 1910፣ 1915፣ 1930፣ 1951፣ 1952፣ 1964፣ 1972፣ 1974፣ 1992። በእነዚህ ዓመታት ዲኬም የሚባል ወይን የለም። ዝናቡ አበላሸው፣ ሻጋታው ክፉ ሆነ፣ ስለዚህ በስማችን አይወጣም ብለው ተዉት። ሠራተኛው ሠርቷል፣ ደመወዝ ተከፍሏል፣ ለቃሚው ጭቃ ውስጥ ሲንከላወስ ከርሟል፣ ገቢ ግን ባዶ። በ1951 አድርገውት በ1952 መድገም እኮ ቀላል አይደለም፣ ማን ያውቅብናል ብሎ ትንሽ አሰማምሮ መሸጥ ይቻል ነበር፣ ስሙ ብቻውን ይሸጠዋል።

ለዚህ ነው በ1996 ቦርሳ የሚሸጠው የእነ ሉዊ ቪቶን ባለቤት፣ ኤልቪኤምኤች የሚባለው ኩባንያ የቤተሰቡን ድርሻ ሲጠቀልል ብዙ ሰው የፈራው። ዘመድ ከዘመድ ተጣልቶ ነው የተሸጠው፣ ቤቱን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲመራ የኖረው አሌክሳንደር ደ ሉር ሳሉስ አልሸጥም ብሎ ከኤልቪኤምኤች አለቃ ከበርናር አርኖ ጋር እስከ 1999 ድረስ ተሟገተ፣ በመጨረሻ ታርቀው እስከ 2004 በሥራ አስኪያጅነት ቆየ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። እኔም ቦርሳ ሻጭ ገባ፣ አለቀለት ባይ ነበርኩ። ግን 2012 መጣ። ዝናቡ አበላሸው፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፒየር ሉርተንም ዘንድሮ ዲኬም የለም ብሎ አወጀ። እውነቱን ለመናገር የቦርሳ ገንዘብ ኪሱ ያለ ባለቤት አንድ ዓመት መዝለል ከገበሬ ይልቅ ይቀለዋል፣ ቢሆንም ሕጉን አልሰበሩትም፣ ፍርሃቴን በዚህ በኩል አንስቻለሁ።

በሌላ በኩል አላነሳሁም። ወይኑ ከመጠጥነት ወደ ንብረትነት እየሄደ ነው። በ2011 የ1811ዱ አንድ ጠርሙስ ለንደን ውስጥ በ75 ሺህ ፓውንድ ተሸጧል፣ ገዢው ባሊ ያለው ሬስቶራንቱ ውስጥ ጥይት በማይበሳው መስታወት አስቀምጠዋለሁ ብሎ ነበር፣ ለነገሩ ልጠጣው ነው የገዛሁት ማለቱ ትንሽ ያጽናናል። ጎረቤቶቹ የሶተርን ቤቶች ደግሞ በተቃራኒው ገዢ አጥተዋል፣ የዓለም ጠጪ "ጣፋጭ የጀማሪ ነው" የሚለውን አምኖ ስለተቀመጠ ብዙዎቹ ድራይ ነጭ ወደመሥራት ገብተዋል። ዲኬም ራሱ ከ1959 ጀምሮ "ኢግሬክ" የሚባል ድራይ አለው። የእኛ ሰውዬ ብቻውን አይደለም ማለት ነው፣ ዓለም ሙሉ ወንድም አለው።

የሚገርመው ከዚያው ከቦርዶ የመጣው ካስቴል የሚባል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 ጠርሙሱን ሲያወጣ አልሳቀብንም። ምን እንደምንወድ አይቶ አካሺያ የሚለውን ወይኑን ከፊል ጣፋጭ አድርጎ ነው የሠራው፣ ነጋዴ ነውና ገበያውን ያውቃል።

የሶተርን ሰዎች ደግሞ አሁን ገበያ ፍለጋ ወይናችን ከኬክ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ሞክሩት እያሉ የታይና የቻይና ምግብ ቤቶችን እያባበሉ ነው። ቅመም ያለውን ነገር ጣፋጭና ኮምጣጣ መጠጥ ያበርደዋል፣ አልኮሉ እንዲነድም አይፈቅድለትም። ይሄን እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩት ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ዶሮ ወጥና ጠጅ አንድ ገበታ ላይ የተቀመጡት መቼ ነው? የዲኬም ጠርሙስ በመቶዎች ዩሮ ነው፣ ለእኔ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም፣ ግን የጎረቤቶቹን የሶተርን ግማሽ ጠርሙስ ፓሪስ ከምትኖረው እህቴ ጋር ባለፈው ፋሲካ አገኘናትና ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘን ለዶሮው አወጣናት። እንቁላሉ ተከፍሎ ሳያልቅ ጠርሙሷ አለቀች፣ አክስቴም "ይሄ የማን ጠጅ ነው፣ ጌሾ አነሰው እንጂ ደህና ነው" አለች።