እመቤቴ ትቅደም

መሪ ስጨብጥ ዳኛ እሆናለሁ። ቤቴ ውስጥ ቃሌን የሚሰማ የለም፤ ልጆቼ ሳይቀሩ ይግባኝ ይሉብኛል። መኪና ውስጥ ግን ችሎቱ የኔ ነው። መስታወቱ ተዘግቷል፣ ተከሳሹ አይሰማኝም፣ ጠበቃ የለውም። "ደደብ!" እላለሁ። መዝገቡ ተዘጋ።

ባለፈው ሁዳዴ አክስቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሉማሜ ወጣሁ። ለሕክምና መጥታ ሁለት ወር እኛ ጋ ከርማ ነበር። "ጾሙን አገሬ ልጨርስ" ስትል እምቢ ማለት ከበደኝ። ሳምንቱ መጻጉዕ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። አክስቴ ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ውዳሴ ማርያሟን ከፈተች። እኔ ከፊት አሮጊት ኮሮላዬን አስነሣሁ። እሷ ለዓለሙ ሁሉ ምሕረት ትለምናለች፣ እኔ ዓለሙን በየተራ እኮንናለሁ። ሥራ ተከፋፈልን።

ገና ከሱሉልታ ሳንወጣ ሦስት ሰው ፈርጄአለሁ። አንዱ ፍሬቻ ሳያሳይ ገባብኝ። አንዱ ፍሬቻ አሳይቶ ሳይገባ ቀረ። ሦስተኛው ረጅም መብራቱን ዓይኔ ላይ ለቀቀው። "ሴት መሆን አለባት" አልኩ። ሲቀርብ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰውዬ ነው። ፍርዱን ግን አላነሣሁም።

ፍቼ ላይ ቁርስ በላሁ። የሁዳዴ ጾም እስከ 9 ሰዓት መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ጨጓራ አለብኝ። ሁዳዴ ሲገባ የሚነሣ፣ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲሸተው የሚድን ጨጓራ ነው። አክስቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ዳቦዬን በሻይ ሳወራርድ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፍቼ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። ነዳሁ። ምን ያህል እንደነዳሁ እዚህ አልጽፈውም። ከፊቴ የሚመጣ ጭነት መኪና መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አደረገልኝ። "ወደፊት ትራፊክ አለ" ማለት ነው። ይህን ቋንቋ የማያውቅ ሾፌር የለም። ሃይማኖትህን አይጠይቅም፣ አገርህን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ያበራልሃል። አንዳንዴ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በመንገዳችን ላይ የቀረው በዚህች ብልጭታ ብቻ ይመስለኛል። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ቀበቶውን ሳብ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። ማሰር አላልኩም፣ ጣል ነው። ትራፊኩ አየኝ፣ "መልካም መንገድ" አለኝ።

ትንሽ እንዳለፍን ቀበቶውን መለስኩና፣ "እነዚህ ሾፌሮች ግን! ለሕገወጥ ሁሉ መብራት እያበሩ ትራፊኩን መጫወቻ አደረጉት" አልኩ።

አክስቴ ጸሎቷን አቋረጠች። "ለማን ነው ያበራው ልጄ?"

መልስ አልሰጠኋትም። መንገድ ላይ ወሬ ጥሩ አይደለም።

ጎሃ ጽዮን ልንደርስ ስንል፣ መንገድ ዳር ጥላ ዘርግተው ሥዕለ ማርያም የያዙ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይለምናሉ። ከፊቴ ያለው አይሱዙ ቀጥ አለ። አይሱዙን ሕዝባችን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ። "አልቃይዳ" ነው። የዚህኛው ስፖንዳ ላይ በትልልቁ "እመቤቴ ትቅደም" ተብሎ ተጽፏል። ሾፌሩ ከጋቢና ወረደ። ሥዕሉን ተሳለመ። ከኪሱ ብር አወጣ። አመስጋኞቹ መረቁት፣ እሱም ምርቃቱን አሜን እያለ እስከ መጨረሻው ሰማ። ክላክስ አደረግሁበት። ዞር ሲል አየሁት፤ ግራ ጉንጩ ተወጥሯል።

"ጫት!" አልኩ። "እትዬ፣ አየሽልኝ? በሁዳዴ! ጉንጩን ጫት ወጥሮ ሥዕል ይሳለማል! ለዚህ ነው አገሩ የማይባረከው።"

አክስቴ ቅጠል ገለጠች።

እኔም እንግዲህ ክርስቲያን ነኝ። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሳልቆም፣ 10 ብር በመስኮት ወረወርኩ። ነፋስ ወሰዳት። አንድ ልጅ ተከትሏት አስፋልቱን ሲያቋርጥ በስፖኪዮ አየሁ። ደርሶባት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሰጥቻለሁ። መያዝ የነሱ ድርሻ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ዓባይ በረሃ ነው። ከ2400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥተህ እስከ 1000 ገደማ ትወርዳለህ፣ ከዚያ መልሰህ እስከ ደጀን ትወጣለህ። መውረጃው ከመውጫው ጋር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሳምንቱ መጻጉዕ ይሁን እንጂ አወራረዳችን ዘወረደ ነበር። እዚያ ቁልቁለት ላይ የሾፌሩን ሁሉ ሃይማኖት ታያለህ። የማይማጸን የለም። መስታወቱ ላይ ገብርኤል፣ መሪው ሥር ተክለ ሃይማኖት፣ ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለ መስቀል። እኔም መዝሙር 90ን ከፊት ለጥፌአለሁ። "በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋል።" አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ጥቅስ ገደል አፋፍ ላይ የተጠቀመበት የመጀመሪያው ሰው ሾፌር አይደለም። ሰውም አይደለም። ወንጌሉን ክፈቱ። ጌታን ከመቅደስ ጫፍ አቁሞ "ራስህን ወደ ታች ወርውር" ያለው ዲያብሎስ ነው የጠቀሰው። እሱም እንደኛ ጥቅሱን አሳምሮ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ የምወርደው በዜሮ ማርሽ ነበር። ነዳጅ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። መኪናዋስ ብትሆን ጸበል የተረጨች ናት።

ንስሐ አባቴ ስለ ብዙ ነገር ይጠይቁኛል። ስለ ጾሙ፣ ስለ አስራቱ፣ ስለ ዓይኔ። "ኩርባ ላይ ቀድመሃል ወይ?" ብለው ጠይቀውኝ ግን አያውቁም። ካልጠየቁኝ ደግሞ ምን አስለፈለፈኝ?

ያን ዕለት ቀድሜአለሁ። ጥፋቱ የአይሱዙው ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጎማ ሳስነፋ አልፎኝ ኖሮ፣ በረሃው መሐል ደረስኩበት። ማርሹን ቀንሶ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስፖንዳው "እመቤቴ ትቅደም" ይላል። እኔን ግን አያስቀድምም። ክላክስ፣ መብራት፣ ስድብ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። በመጨረሻ ኩርባው ላይ ደርቤ ወጣሁ። ጎን ለጎን ስንሆን በመስኮት እጁን አውጥቶ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደረገ። "ቀስ በል" ማለቱ ነበር። እኔ በስድብ ተረጎምኩት። ባለጌ!

"አንተ ልጅ፣ ሰውዬውን ተወውና መንገዱን እይ" አለች አክስቴ።

ወንዙ ጋ ደረስን። ጃፓኖች የረዱበት፣ ሽቦዎቹ ከሩቅ እንደ በገና አውታር የተወጠሩ፣ 300 ሜትር ገደማ የሚሆን አዲሱ ድልድይ። ከጎኑ አሮጌው ጡረታ ወጥቶ ቆሟል። እሱን ስትሻገር ጎጃም ነህ። አክስቴ መስኮቱን ከፈተች። የምድጃ ወላፈን የመሰለ አየር ገባ። "እፎይ፣ የአገሬ ነፋስ" አለች።

አቀበቱን አጋምሰን ሳለ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ። ዳር ያዝኩ። ውሃ አልያዝኩም። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ብቻ ነው። አክስቴ ከእንጦጦ የቀዳችው፣ በሃይላንድ ያለ ጸበል። አየሁት። አየሁት ብቻ። አክስቴ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

"እንዳታስበው!"

ቆምን። ዝንጀሮዎች ከድንጋይ ላይ ሆነው ያዩናል። መኪና ያልፋል፣ እጄን አነሣለሁ፣ ያልፋል። አንድ ትልቅ ቶዮታ አቧራ አልብሶን አለፈ። መዝሙር የከፈተ ሚኒባስ አለፈ፤ ረዳቱ "አይዞህ ወንድሜ!" ብሎ ጮኸልኝ። መጻጉዕ 38 ዓመት አልጋው ላይ ተኝቶ "ሰው የለኝም" ያለው ገባኝ። እኔ ገና 38 ደቂቃዬ ነበር። ያለፉትን ሁሉ ፈረድኩባቸው። እንዲህ ቆሞ የሚለምን ባየሁ ጊዜ ስንቴ እንዳለፍኩ ትዝ ሊለኝ ፈልጎ ነበር። አባረርኩት።

ከዚያ እያቃሰተ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ "እመቤቴ ትቅደም" መጣ።

ቆመ። ሾፌሩ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወረደ። እኔ ለማጣደፍ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ አፈፍ አድርጎ ያዘኝ። "ተው ወንድሜ፣ ፊትህን ይልጥሃል።" አፉ አይከፈትለትም፤ ቃሉ በጥርሱ መሐል ነው የሚወጣው። ሲቀርበኝ ቅርንፉድ ሸተተኝ።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አለችው አክስቴ።

"ጥርሴ ነው እማማ። ሦስት ቀኔ። ደብረ ማርቆስ ስደርስ አስነቅለዋለሁ።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ዝንጀሮዎቹ ዞርኩ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ክዳኑ ላይ አሮጌ ጨርቅ ደረበና ሩብ ዙር አላላው። እስስስ አለ። አሁንም ጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ እንድይዝ ነገረኝና ውሃውን በትንሽ በትንሹ አፈሰሰ። አክስቴ ከጎኑ ቆማ ስለ በላዔ ሰብእ ትነግረዋለች። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጣት ጥርኝ ውሃ ስለዳነው ሰው። "በል እንግዲህ፣ ይቺ ውሃ ትመዘንልሃለች" አለችው። እሱ በታመመ ጉንጩ ሊስቅ ሞከረና ጉንጩን ያዘ።

እኔ ግን ሂሳቡን ማስላት ጀመርኩ። እሱ በላዔ ሰብእ ከሆነ፣ እኔ በታሪኩ ውስጥ ማን ነኝ? ውሃ የለመነው ለምጻሙ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ለለምጻሙ ምን እንደተጻፈለት አላስታውስም። ሰውዬው በእኔ ራዲያተር ጽድቅ ሠራ። ጀሪካኑ የሱ፣ ጽድቁም የሱ። የኔ ድርሻ መቃጠል ብቻ ነው።

ሁለት መቶ ብር አወጣሁ። በእጁ ገፋው።

"ለነዚያ ጥላ ለዘረጉት ስጥልኝ ስትመለስ።" ጋቢናው ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ዞር አለ። "ቆመህ ግን።"

ደጀን ስንደርስ 9 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። አክስቴ "አሁን ትንሽ ቆይቼ እቀምሳለሁ" አለችና ቁጭ አለች። ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ ጉንጩ ያበጠው ሾፌር ተቀምጧል። በቀኝ ጥርሱ ብቻ፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ የተፈተፈተ ሽሮ ያኝካል። እጄን ለመታጠብ በአጠገቡ አለፍኩ። ስመለስም በአጠገቡ አለፍኩ።

"ምን እያየህ ነው?" አለችኝ አክስቴ።

"ምንም" አልኳት።

ሽሮው ያብለጨልጫል። ዘይት ሊሆን ይችላል። የኑግ ዘይት ግን እንዲህ አያብለጨልጭም።