ብዕራችሁ አይንጠፍ፣ የጨለማ ሐያስያን ሆይ!

ሰሞኑን አንዱን የአማርኛ ፊልም «ልብ አንጠልጣይ፣ ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ፣ ሁለት አውራ ጣት የሚገባው» ያለውን ሂስ አነበባችሁት አይደል? አራት ሐያስያን በአራት ቦታ ጽፈውት በነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተለያዩም። እሰይ! ሂስ የሚሻሻለው ሌላውን ሐያሲ በማድነቅ ነው ሲባል ሰምተው፣ አድንቀው አድንቀው እሱኑ ሆነው አረፉት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ሰው ሰሜን ሸዋ አልደረሰም።

አውራ ጣቱንማ እንዴት ባለ ዘዴ ነው ያሻሻሉት! ሮጀር ኤበርት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ፑሊትዘር የተሸለመው የመጀመሪያው የፊልም ሐያሲ፣ ፊልም ሲወድ በቴሌቪዥን ሲያነሳ የኖረው አንዱን አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የፕሮግራም አጋሩ የጂን ሲስክል ነበር። ሁለት የሚሆነው ሁለቱ ሲስማሙ ነው። የእኛው ጀግና ከራሱ ጋር ተስማምቶ ሁለቱንም ቀሰረ። ኤበርት ኮሎራዶ ላይ አንድ ፊልም ምስል በምስል እያስቆመ ለቀናት ይተነትን ነበር፤ ሌላዋ አሜሪካዊት ሐያሲ ፖሊን ኬል ደግሞ ፊልምን አንድ ጊዜ ብቻ በማየት ትታወቃለች። የእኛዎቹ ከሁለቱም ተምረው ጭራሽ ማየቱን ተዉት።

የእኔ ምርጥ ግን የጨለማው ሂስ ነው። ፊልሙ ደብረ ብርሃን እየታየ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተር እስኪነሳ 10 ደቂቃ ሄደ። የመጀመሪያው ሐያሲ ቆሎውን እየቆረጠመ «ዳይሬክተሩ ጨለማን በድፍረት አናገረው» ሲል ጻፈ። ሁለተኛው እሱን አድንቆ፣ በሰከንድ 24 ምስል አባዝቶ፣ «14,400 ጥቁር ምስሎች፤ የትውልዱ ዝምታ!» አለ። ሦስተኛው ሁለተኛውን አድንቆ የጀነሬተሩን ዱግ ዱግታ «የእናት ሀገር የልብ ትርታ» አደረገው። አራተኛው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ብርዱን ጨመረበት፦ «አዳራሹን የሞላው ቅዝቃዜ የገጸ ባሕርዩ ብቸኝነት ነው»። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ብርዷን ከስክሪፕት አትበደርም፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው! በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን የተሰየመች ከተማ፣ ዘንድሮ በጨለማ ለጥበብ ባለውለታ ሆነች።

ፊልሙ ውስጥ የነበረውን ግን አንዳቸውም አልሰሙም። ሽማግሌው ልጃቸውን ሲረግሙ ማይኩ በርኖሱ ሥር ተደብቆ፣ ሱፉ እየፈተገው፣ ግማሹ እርግማን ኮሽ ኮሽ ሆኖ ቀረ። «ነፋሱ እንደ ሙሾ» ተባለለት። እዚህ ላይ ቀልድ ይብቃ፤ ይሄ ነውር ነው! ጣርማ በር ላይ ብርድ ሲገርፈው ያደረ የቀረጻ ቡድን፣ ማይክ በፕላስተር ታስሮ ከሱፍ እንደሚለይ የሚነግረው ካጣ፣ በሚቀጥለውም ፊልም ያንኑ ይደግማል። ትኬት የከፈለው ሰውም ያንኑ ኮሽታ ይሰማል። አንድ ትዕይንት መርጦ ደቂቃውን መጻፍ፣ ስንት ሾት እንዳለው መቁጠር፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጆሮ የያዘውና ያመለጠው ምን እንደሆነ መመዝገብ፤ ታሪኩን በ2 ዓረፍተ ነገር ቋጭቶ የቀረውን ቦታ ለዚህ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል? ከደጋግ ሐያስያን የሚቀዳው ይሄ ነበር። ቅጽልማ ለቅሶ ቤትም ሞልቷል።

ለማንኛውም ውዳሴው ፍሬ አፍርቷል። ዳይሬክተሩ አምኖ ለሚቀጥለው ፊልሙ 10 ደቂቃ ጨለማ እየጻፈ ነው አሉ። አራቱ ሐያስያን ከአሁኑ አቋማቸውን አሳውቀዋል፦ ኩረጃ ነው።