አገጭ ለመጥረግ በቀቀንና ርችት

አንድ ሰው ሾርባ እየጠጣ ነው። ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሳ ክር ይሳባል። ክሩ ጭልፋ ያስፈነጥራል፤ ጭልፋው ላይ የነበረው ብስኩት በበቀቀን አጠገብ ይወረወራል። በቀቀኑ ብስኩቱን ልያዝ ብሎ ሲዘል የቆመበት እንጨት ያዘነብላል። እንጨቱ ላይ የነበረው የእህል ጥሬ ባልዲ ውስጥ ይፈሳል። ባልዲው ሲከብድ ገመድ ይጎትታል፣ ላይተር ይበራል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ማጭድ ክር ይቆርጣል። በመጨረሻ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ እየተወዛወዘ የሰውየውን አገጭ ይጠርጋል።

ይህን ካርቱን አሜሪካዊው ሩብ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1931 ነው ያወጣው። ጎልድበርግ መሐንዲስ ነበር። በ1904 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ጥቂት ወራት ሠራ። ከዚያ ትቶ ካርቱን መሣል ጀመረ። ዛሬ አሜሪካኖች ቀላሉን ሥራ አወሳስቦ የሚሠራን ነገር ሁሉ በስሙ ይጠሩታል።

እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ምንም አይደብቅም። ስልካችንን ነካ ስናደርግ ብር ይተላለፋል። እንዴት? አይታየንም። ሲበላሽም አጥፍተን እንደገና ከማብራት በቀር የምናውቀው ነገር የለም። እዚህ ግን ምን ምንን እንደገፋ በዓይናችን እናያለን። ሲቆምም የት እንደቆመ ሕፃን ልጅ እንኳ በጣቱ ያሳያል።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የመሥራት ውድድር አለ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፊኛ ነፍቶ የሚያፈነዳ ማሽን ሠራ፤ በ300 ደረጃዎች! እስቲ አስቡት። ከ300ው አንዷ ብትሳሳት ፊኛው አይፈነዳም። ትዕግሥትን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

የኛ ልጆች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተው የሚነዱ ልጆች ያላየ ማን አለ? የሳይንስ መምህራን ይህን ወደ ክፍል ቢያስገቡት ብዬ እመኛለሁ። ወጪው ምንም ነው፦ ካርቶን፣ ክር፣ ብይ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ስለ ስበት ሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ ብይዋ ስትንከባለል ማየት ይሻላል።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከሳሎኑ ጫፍ የመብራቱን ማብሪያ የሚጫን ነገር ልሥራ ብሎ ተነሳ። ብይዋ ሁልጊዜ ሦስተኛው ካርቶን ላይ ትቆም ነበር። ልረዳው ስል «ቆይ፣ እኔው ላግኘው» አለኝ። መሬት ላይ ተኝቶ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ካርቶኑ ሥር አንድ ደብተር አስገባ። ብይዋ አለፈች።