ቀይ መብራት የጣሰውን ካሜራ ይክሰሰው?

ለጽሑፍ ክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «በጅማ ከተማ የትራፊክ መብራት በሚሠራበት መስቀለኛ መንገድ ሁሉ ቀይ መብራት የሚጥሱትን የሚቀርጽ ካሜራ ይተከል፤ ቅጣቱም በታርጋ ቁጥሩ ለባለ ንብረቱ ይላክ።» ደጋፊዋ በድንገተኛ ክፍል ለ11 ዓመታት ያገለገሉ ነርስ ናቸው። ተቃዋሚው ቀድሞ በጅማና በበደሌ መካከል ለ24 ዓመት የጭነት መኪና ያሽከረክሩ የነበሩ፣ ዛሬ የሁለት ባጃጆች ባለቤት የሆኑ የሕርማታ ሰፈር ነዋሪ ናቸው።

ደጋፊ

ባለፈው ክረምት አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ወደ እኛ አመጡ። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሆኖላት በዜብራው ላይ ስትሻገር ከጎን የመጣ ሚኒባስ መታት። ደንብ ልብሷን በመቀስ ስቀድ የቀኝ እግሯ ጫማ አልነበረም፤ አባቷ ያንን ጫማ በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እስኪመሽ ድረስም አላስቀመጠውም። ሾፌሩ «መብራቱ ቢጫ ነበር» አለ። በስፍራው ከነበሩት አንዳንዶቹ ቀይ ነበር ሲሉ ሌሎቹ ምስክርነት ፈርተው ሄዱ፤ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ቀረ።

እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ የሚዘጋ መሣሪያ አለ። ካሜራው ከመብራቱ ጋር ይያያዛል፤ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ወይም ራዳር መኪና የማቆሚያውን መስመር ማለፉን ይነግረዋል፤ ቀይ ከበራ በኋላ የገባውን ብቻ ሁለት ጊዜ ያነሣዋል፤ አንዱን መስመሩ ላይ ሳለ፣ ሌላውን መስቀለኛው መሐል ሲደርስ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቀይ ከበራ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ከፎቶው ጋር ይመዘገባል። ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም፤ የሆላንዱ የመኪና ውድድር ሰው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የመሠረተው ድርጅት የመጀመሪያውን የቀይ መብራት ካሜራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ኒው ዮርክ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በ7 አካባቢዎች ካሜራ በተተከለባቸው መስቀለኛ መንገዶች በጎን የሚደርስ ግጭት በ25 በመቶ ያህል ቀንሷል። ካሜራ ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም፣ ዝናብ ሲጥል መጠለያ ፍለጋ አይሄድም።

ተቃዋሚ

ሲስተር፣ የልጅቱን ነገር ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ነገር ግን «ጉቦ አይበላም» ያሏትን ቃል ዝም ብዬ ላልፋት አልችልም። ቺካጎ ካሜራዎቿን የገዛችው ሬድፍሌክስ ከሚባል ኩባንያ ነው። ውሉን ይከታተል የነበረው የከተማው ሹም ጆን ቢልስ ከዚያው ኩባንያ ጉቦ መቀበሉ ተረጋግጦበት እ.ኤ.አ. በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ካሜራው አልበላም፤ ካሜራውን የገዛው ሰው በላ። በእኛ ከተማ ግዥውን የሚፈጽመው ማን ነው? ውሉንስ ማን ያነበዋል? ይህን ሳይመልሱልኝ ስለ ሽቦና ስለ ራዳር ሊያስረዱኝ አይችሉም።

የጠቀሱትንም ጥናት በግማሹ ነው ያቀረቡት። በዚያው ጥናት ከኋላ የሚደርስ ግጭት በ15 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ ቅጣት የፈራ ሾፌር ፍሬን በድንገት ሲይዝ የሚከተለው ይገባበታልና።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ነው። ባጃጆቼን የሚነዱት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ማታ ገቢ ያስገቡልኛል፤ ቀን በከተማችን መርካቶ ይዋሉ ወይም ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አላይም። ካሜራው የሚያየው ታርጋ ስለሆነ ወረቀቱ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ለተጻፈው ለእኔ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል፤ እኔ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፋተኛ ልሆን ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የሚኒያፖሊስ ከተማን የካሜራ ደንብ የሻረው ባለ ንብረቱን ያለ ማስረጃ እንደ ሾፌር ስለሚቆጥርና የክልሉን ሕግ ስለሚቃረን ነው። ደግሞስ ቀይ ከበራ በኋላ በአንድ ሰከንድ ዘግይቶ ያለፈ ሰው ከነፍሰ ገዳይ እኩል ሊታይ ነውን? አንድ ሰከንድ ምን ታደርሳለች?

ደጋፊ

አንድ ሰከንድ ምን እንደምታደርስ ጋሼ ራስዎ ያሰሉት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ልጅቱ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተነሥታ እስከ ተመታችበት ስፍራ የተራመደችው ከአራት እርምጃ አይበልጥም፤ አራት እርምጃ ለመራመድ የፈጀባትም ከእርስዎ ሰከንድ ብዙ አይርቅም። 24 ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ይህን ጽፎ ማንበቤ አሳዝኖኛል።

ስለ ኋላ ግጭት ያነሡት እውነት ነው፤ ሁለቱ ግጭቶች ግን እኩል አይደሉም። ከኋላ የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን እያሻሸ በእግሩ ይመጣል። በጎን የተመታውን የሚከልለው በሩ ብቻ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ በር እንኳ የለውም። ያው ጥናት የጉዳቱን ክብደት በገንዘብ ሲተምነው ካሜራው ያስገኘው ጥቅም እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ባለ ንብረቱን በሚመለከት፣ መሪውን የያዘው ማን እንደነበረ ያሳውቅ፤ ክሱም ወደዚያ ሰው ይዙር። በብዙ አገር የሚሠራበት ይኸው ነው።

ተቃዋሚ

ስለ ቺካጎ አንድም ቃል አልጻፉም። «ጉቦ አይበላም» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም። ኩባንያው በቅጣቱ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ ሰው ባጠፋ ቁጥር ያተርፋል፤ ያ ኩባንያ መብራቱ በትክክል እንዲሠራ ለምን ይተጋል? በድጋሚ እጠይቃለሁ።

24 ዓመት መሪ ይዤ ሰው አልነካሁም፤ ሰው የመግደል ሐሳብ እንዳለኝ ተደርጎ መጻፉ አልተገባኝም። እኔ የተናገርሁት ስለ ቢጫው ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየመጣሁ ቢጫ ሲበራ አንድ ሰከንድ ያህል ልብ ለማለት ይወስድብኛል፤ ከዚያ ፍሬኑን በእርጋታ ስይዝ መኪናው ለመቆም ከአራት ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ መንገዱ ቁልቁል ከሆነና ከዘነበበት ደግሞ ይጨምራል። ከጅሬን ወደ ከተማው ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአሜሪካ ኦሪገን ክልል የሚኖር ማትስ ያርልስትረም የሚባል ሰው ሚስቱ በካሜራ ስትቀጣ ቢጫው ለሚታጠፍ መኪና አጭር መሆኑን በስሌት አሳየ። የክልሉ የመሐንዲሶች ቦርድ ግን «ያለ ፈቃድ የመሐንዲስ ሥራ ሠርተሃል» ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። በኋላ ፍርድ ቤት ለእርሱ ፈረደለት፤ ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 የቢጫውን ርዝመት የሚያሰላበትን ቀመር አሻሻለ። ቢጫውን ሳይለኩ ካሜራ መትከል፣ ሚዛኑን ሳያስተካክሉ ቡና እንደ መግዛት ነው።

«ማን እንደነዳ ያሳውቅ» ማለትም ለሚናገረው ይቀላል። ልጁ ለምሳ ሲወርድ ባጃጁን ለጓደኛው ይሰጠዋል፤ ጓደኛው ለሌላው ይሰጠዋል። እኔ ስንቱን ልመስክርበት?

ደጋፊ

ማንንም ነፍሰ ገዳይ አላልሁም፤ ቃሉን ያመጡት ጋሼ ነዎት፤ በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ላይ ይገኛል። የጻፉትም «ቀይ ከበራ በኋላ» ብለው እንጂ «ቢጫ» ብለው አልነበረም። ቢሆንም ትናንት ከሥራ ስወጣ መብራቱ ሥር ቆሜ ቢጫውን በስልኬ ሰዓት ደጋግሜ ለካሁት፤ ሦስት ሰከንድ ነው። ለዚያ መንገድ አጭር ነው ካሉ ይርዘም፤ አልቃወምም። ነገር ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ ቀዩ ከበራ ቆይቶ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ዜብራው ላይ እያለች በፊቷ አለፈ። ለእርሱ አምስት ሰከንድ ቢጫ ቢሰጠው ምን ይለወጥ ነበር?

ያልተገባኝ አንድ ነገር አለ። የቀን ገቢውን ማን እንዳስገባና ማን እንዳጎደለ በደብተርዎ ይይዙታል። ብሩን የሚያስገባው ሰው ስም ከታወቀ፣ መሪውን የያዘው ሰው ስም ለምን ይጠፋል? ሦስት ሰው ይፈራረቅ ካሉ ፈቅደው ነው፤ ሳያውቁ ከሆነ ደግሞ በሕዝብ መንገድ ላይ የለቀቁት ተሽከርካሪ በማን እጅ እንዳለ አያውቁም ማለት ነው።

ተቃዋሚ

ደብተሩን ከፈትሁት። ስምና ብር ብቻ ነው ያለበት፤ ሰዓት የለበትም፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ማን እንደያዘ አይናገርም። ይህ ጉድለት የእኔ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሰዓቱም ይጻፋል፤ ልጆቹም ለጓደኛ እንዳይሰጡ ነግሬአቸዋለሁ። ይህን የማደርገው ስለዚያች ሕፃን ስላዘለች ሴት እንጂ ስለ ካሜራው አይደለም።

ካሜራው ይተከል የሚሉኝ ከሆነ ውሉ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ ኩባንያው በቅጣት ብዛት እንዳይከፈለው በውሉ ይጻፍ፤ የቢጫውም ልክ በየመስቀለኛው በሰሌዳ ይገለጽ። የቺካጎን ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቄ አልመለሱልኝም፤ ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅም፤ አንባቢው ግን ከላይ ተመልሶ ሊያየው ይችላል።