ማኅተሙን ያሳረፈው ተቋም ኃላፊነት

በሰዎች ላይ የሚካሄድ ምርምር በአገራችን ገጠር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በደብዳቤ ሰንሰለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለክልሉ ጤና ቢሮ፣ ቢሮው ለዞኑ፣ ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ይጽፋል፤ በየእርከኑም «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል ሐረግና ክብ ማኅተም ይታከልበታል። ተመራማሪው በመጨረሻ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ደጃፍ ላይ ሲቆም የቤቱ ባለቤት መንግሥት የላከውን ሰው የመመለስ ድፍረት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ በስምምነት ቅጹ ላይ የሚያኖረው ፊርማ ምን ያህል የራሱ ውሳኔ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ስለ ምርምር ሥነ ምግባር በተነሳ ቁጥር ግን የምንነጋገረው ስለ ተመራማሪው ጨዋነትና ስለዚሁ ፊርማ ነው። ማኅተም እያሳረፉ ደብዳቤውን ያሳለፉት መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይም ምርምሩን በስሙ የሚያካሂደው ተቋም፣ ለየትኛው ኃላፊነት እንደፈረሙ የሚጠይቃቸው የለም።

ተቋም ባዶ ሲሆን የሚደርሰውን የናይጄሪያዋ ካኖ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በከተማዋ ሕፃናትን ሲቀጥፍ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ መድኃኒቱን በተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ነባር መድኃኒት ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። የሞታቸው ምክንያት መድኃኒቱ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለዓመታት ቆየ፤ ኩባንያው ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ነገር አንዲት ወረቀት ናት። ሙከራው በሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ማለትም ምርምር ከመጀመሩ በፊት የተሳታፊዎችን ደህንነት በሚገመግም አካል፣ እንደጸደቀ የምትገልጸው ደብዳቤ የተጻፈችው ሙከራው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ቀኑ ወደኋላ ተመልሶ የተሞላባት ነበረች፤ ሆስፒታሉ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልነበረውም። ወላጆችን የሚወክል፣ «ይህ ሙከራ በወረርሽኝ መካከል መደረግ አለበት ወይ» ብሎ የሚጠይቅ አካል በቦታው ሳይኖር ፊርማው ብቻ ኋላ ደረሰ።

ኮሚቴ መኖሩ ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2001 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአስም ምርምር የተሳተፈች የ24 ዓመት ወጣት ሄክሳሜቶኒየም የተባለ ኬሚካል በትንፋሽ ከወሰደች በኋላ ሳንባዋ ታሞ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ሞተች። ጤናማ ፈቃደኛ ነበረች፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ሠራተኛም ነበረች፤ አሠሪ በሠራተኛው ላይ ምርምር ሲያደርግ ፈቃደኝነት ምን ማለት እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ኬሚካሉ በሳንባ ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል በ1950ዎቹ የተጻፉ ጽሑፎች ነበሩ፤ ተመራማሪው ግን የፈለገው ቀደምት ዓመታትን በማይሸፍን የመረጃ ቋት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም አልጠየቀውም። ከእሷ በፊት የወሰደው የመጀመሪያው ተሳታፊ ለቀናት ቢያስለውም ሙከራው አልተገታም፤ ለኮሚቴውም በወቅቱ አልተነገረውም።

የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ ቢሮ በሐምሌ ወር ውሳኔ ሲሰጥ አንዱን ሐኪም ቀጥቶ አላለፈም። በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄደውን የዩኒቨርሲቲውን ምርምር ከሞላ ጎደል በሙሉ አገደ። ምርመራው እንዳሳየው ኮሚቴው አብዛኛዎቹን ማመልከቻዎች በሙሉ ስብሰባ አንድ በአንድ አይወያይባቸውም፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውም የተሟላ አልነበረም። በሌላ አነጋገር ሥራው ከኮሚቴው አቅም በላይ ነበር፤ ለአባላቱ ጊዜና ሠራተኛ መመደብ ደግሞ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። እገዳው በቀናት ውስጥ በከፊል ቢነሳም ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን ወስዶ ተጨማሪ ኮሚቴዎች አቋቋመ። ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ተቋም ገንዘቡ ሲቆም እንዴት በፍጥነት እንደሚሠራ ያየ ሰው፣ ቁጥጥር ለምን ጥርስ እንደሚያስፈልገው አይጠፋውም።

እኛ ጋ ሕግና መመሪያ የለም ማለት አይቻልም። ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አለ፤ የመድኃኒት ሙከራ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይሻል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሆኑ እንደ አርማወር ሐንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት ገምጋሚ ኮሚቴ አላቸው። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩት ደግሞ ተሳታፊዎችን ለመጠበቅ በተቋም ደረጃ የጽሑፍ ቃል ይገባሉ፤ የሚፈርመውም የተቋሙ ኃላፊ ነው። ክፍተቱ ከፈቃድ በኋላ ይጀምራል። የኮሚቴ አባላቱ በአብዛኛው የማስተማርና የሕክምና ሥራቸው ሳይቀነስላቸው በትርፍ ጊዜያቸው የሚያነቡ ባለሙያዎች ናቸው፤ የመመረቂያ ጥናቶች በሚጎርፉበት ወቅት ወረቀቱን አንብበው ቢጨርሱ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ወርዶ ቦታው ላይ የሚሆነውን ለማየት መኪና፣ አበልና ቀን ያስፈልጋል፤ ይህን የሚመድበው ኮሚቴው አይደለም።

ወርዶ ማየት የሚለውጠው ነገር እንዳለ ግን ከወላይታ ተምረናል። ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው፣ እግርን በሚያሳብጠው በሽታ ላይ የዘረመል (በዘር የሚወረስ መሆኑን የሚመረምር) ጥናት ከመካሄዱ በፊት ተመራማሪዎች ነዋሪውን ስለ ስምምነት አጠያየቁ አስቀድመው አነጋገሩት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ቤተሰቦቹ ያነሱት ስጋት ጥናቱ በሽታውን ከዘር ጋር ካያያዘው ቀድሞውንም ያለባቸው መገለል ይብሳል የሚል ነበር። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ቅጹን በፈረመው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ ለጋብቻ የደረሰች እህቱ ላይም ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ የትም አልፈረመችም። እንዲህ ያለውን ነገር በቢሮ የሚነበብ የምርምር ሐሳብ ብቻውን አያወጣውም።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም ከሚያገኘው የምርምር ገንዘብ የተወሰነውን ለገምጋሚ ኮሚቴው በበጀት መልክ ይመድብ፤ ኮሚቴው በየዓመቱ ከፈቀዳቸው ጥናቶች ጥቂቶቹን መርጦ ሳያሳውቅ ይጎብኝ፤ ያገደውን ጥናት ዲኑም ሆነ ፕሬዚዳንቱ እንዳያስቀጥሉት በተቋሙ መተዳደሪያ ይጻፍ። የድጋፍ ደብዳቤውም «ተሳትፎው በነዋሪው ፈቃድ ብቻ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ከአገልግሎት አይጓደልበትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይያዝ። ይህኛው ምንም ወጪ የለውም። ፕሮጀክት ሲዘጋ መኪናውና ኮምፒውተሩ ለተቋሙ በንብረትነት ይመዘገባሉ፤ በሙከራው የተጎዳ ተሳታፊ ካለ ማን እንደሚያክመውና ከየትኛው ሒሳብ እንደሚከፈል ግን ከመጀመሪያው፣ ገና ውሉ ሲፈረም፣ በተቋሙ ስም ተጽፎ መገኘት አለበት።