ማስተካከያ፦ «አናሎግ ራጅ እንዳትገዙ» ስለተባለው

ድሬ ላይ ክሊኒክ ለመክፈት የሚሯሯጡ ሰዎች መሀል ሰሞኑን አንድ ምክር እየዞረ ነው። «የታደሰ ራጅ ስትገዙ አናሎጉን ዞር ብላችሁም እንዳታዩት፣ ዲጂታል ሁሉ ጨረሩ ትንሽ ነው» ይላል። እንደዛ አይደለም።

ጨረሩን የሚያመነጩት ቲዩብና ጄኔሬተር በሁለቱም ያው ናቸው። ልዩነቱ ምስሉን የሚቀበለው ነገር ላይ ነው፤ ወይ ፊልም ነው (አናሎግ የሚባለው)፣ ወይ በማንበቢያ የሚነበብ የሲአር ካሴት፣ ወይ ደግሞ ምስሉን በሴኮንዶች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ የሚያደርገው የዲአር ፓነል። ሲአርም ዲአርም ዲጂታል ይባላሉ። ስለዚህ ቲዩቡ ጤነኛ የሆነ አናሎግ ማሽን ካገኛችሁ ፓነል ማስገጠም ይቻላል።

ጨረሩስ? ዲአር በደንብ ከተስተካከለ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ሲአር ግን ከፈጣን ፊልም (ትንሽ ጨረር ከሚበቃው) እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ይፈልጋል። ደግሞ ፊልም ጨረር ሲበዛበት ይጠቁርና ራሱን ያጋልጣል፤ ዲጂታሉን ሶፍትዌሩ ስለሚያሳምረው ባለሙያው የኤክስፖዠር ቁጥሩን (ፓነሉ ወይም ካሴቱ ላይ ምን ያህል ጨረር እንዳረፈ የሚጠቁመውን) ካላየ ማንም አይነቃም።

ሙቀቱን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ሲሞቅ ፊልሙን ያበላሻል፣ ብዙ ፓነሎችም ከ35 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተፈቀዱም። በግንቦት ያለ ኤሲ አይሞከርም።

ሻጩ «ዲጂታል ነው» ካላችሁ እሺ ብላችሁ አትለፉ። ቲዩቡ መቼ ተቀየረ? የሶፍትዌሩ ፈቃድ ወደ እናንተ ይዞራል? ምስሉን በዳይኮም (የሕክምና ምስል መላላኪያ የጋራ ቅርጽ) ይልካል? ፈቃዱ ካልዞረ ፓነሉን ይዛችሁ ቁጭ ነው።